ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አለችኝ እናቴ።

«አሥር ደቂቃ።»

ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች። አባቴ ከተቀበረ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ፣ የሚሳቅብኝ እኔ መሆኔን ረስቼ አብሬያት ሳቅሁ።

አትፍረዱባት። እሷ ባደገችበትም፣ እኛን ባሳደገችበትም ቤት ዶሮ የአሥር ደቂቃ ነገር ሆኖ አያውቅም። ዶሮ ከዋዜማው ይጀምራል። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ይደቃል፣ ከዚያ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ገብቶ ውሃውን እስኪጨርስ ሲቁላላ ያመሻል። ዶሮው በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ ብልት በብልት ይፈታል። ከዚያ በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውሃው ኩልል ብሎ እስኪወርድ ይታጠባል። ልጆች እያለን የእኔና የእህቴ ሥራ ውሃ ማቅረብ ነበር። ስንት ጆግ እንዳመላለስን ሲጠፋን «አሁን ጠራ?» እንላታለን። «ገና ነው» ትላለች። ሁልጊዜ ገና ነው።

ብልቱ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለቱን አስተካክላ ያላወጣች ሴት ሙያዋ ይታማል። በእኛ ቤት ግን ከቁጥሩ ይልቅ ትልቁ ነገር የትኛው የማን መሆኑ ነበር። ፈረሰኛው የአባባ ነው። እግሩ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእህቴ። መላላጫው እንግዳ ከመጣ የእንግዳ። አንገቱ የእማዬ። ክንፎቹ ለማግስቱ ቁርስ ይቀመጣሉ ይባላል፣ ግን ጠዋት ድስቱ ሲከፈት ሁልጊዜ ይጎድላሉ፤ እማዬም ድመቷን ትረግማለች። ይህን ድልድል ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም። ጭልፋዋ ድስቱ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ማን ፊት እንደምታርፍ ታውቃለች፣ በቃ።

አባባ ሾፌር ነበር። ከመቱ ቡና ይጭንና በበደሌ፣ በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ሲመለስ ሳሙናም ዘይትም ቆርቆሮም፣ የተገኘውን ጭኖ ይመጣል። መንገዱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ብዙውን ቀን ቤት የለም። በዓል ሲሆን ግን አለ። ቢላዋውን ራሱ ይስላል፣ ዶሮውን ራሱ ያርዳል፣ ማታ ደግሞ ፈረሰኛው ፊቱ ይቀመጣል። ለእኔ «አባባ ቤት ነው» ማለት ያ ቁራጭ ሥጋ እዚያ ቦታ መቀመጡ ነበር።

አምና ኅዳር ላይ አረፈ። ሕመሙን እዚህ አልተርከውም። ገና ያለ ዶሮ አለፈ፤ ሐዘን ቤት ነን፣ ማንም አልጠበቀም። ፋሲካ ሲመጣ ግን እማዬ «ልጄ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ያለ ዶሮ አይፈስክም» ብላ ተነሣች። ዶሮውን የጎረቤት ልጅ አረደልን። እኔ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው፣ የቤቱ በኩር፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መሶቡ ቀረበ። እማዬ በጭልፋ ፈረሰኛውን አወጣች። ለአፍታ ያህል እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«ብላ» አለችኝ።

አልቻልኩም። ከመሶቡ ሌላውን ወገን እየቆረስኩ በላሁ። እህቴም፣ እማዬም እንደኔው አደረጉ። እንጀራው ዙሪያውን አልቆ ፈረሰኛው መሐል ላይ ብቻውን ቀረ። ጠዋት ስነሣ መሶቡ ተነሥቷል፤ የት እንደገባ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ እቤታችን ዶሮ አልተሠራም። ለእንቁጣጣሽ ስደውልላት «ቅርጫ ገብቻለሁ፣ ሥጋ ሞልቷል» አለችኝ። ገባኝ። እሷም እንደገባኝ ገባት።

እንግዲህ መስከረም መጨረሻ ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መቱ ስገባ፣ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሶያ ሶስ፣ አንድ ፓኬት የበቆሎ ስታርችና ትንሽዬ የሰሊጥ ዘይት የነበረው ለዚህ ነው። ሶያ ሶሱ ከበደሌ ወዲህ ክዳኑ ላልቶ ሁለት ሸሚዝ አበላሽቶብኛል። ያዩ ጫካ ውስጥ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው በዚያ የዱር ቡና አገር ስናልፍ፣ አውቶቡሱ ሙሉ በመስኮት የሚገባውን የዝናብና የቅጠል ሽታ ሲስብ፣ እኔ የሻንጣዬን ሽታ እየሳብኩ ነው የመጣሁት።

ይህን አሠራር የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ በከረምኩበት ዓመት አንድ የቻይና ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ለቤት «ቢሮ ነው» ብዬ ነበር። አባባ እስኪሞት ድረስ ቢሮ እንደነበርኩ ነው የሚያውቀው፤ ወይም እንደማያውቅ ነው የተወልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ከዕቃ ወደ አትክልት ከተፋ ተዛወርኩ። ዋናው አብሳይ በዕድሜ የገፋ ቻይናዊ ነው፤ የሚያውቃት አማርኛ ከሃያ ቃል አትበልጥም። ከነዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው አንዷን ነበር፦ «እኩል! እኩል!»

ካሮቱ እኩል። ቃሪያው እኩል። ሥጋውም እኩል። መጀመሪያ ለዓይን እንዲያምር መስሎኝ ነበር። አይደለም። በእነሱ ቋንቋ «ቻኦ» የሚሉት ይህ አሠራር ኃይለኛ እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። አንዱ ቁራጭ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ከሆነ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው። ሁሉም እኩል ከተቆረጠ ሁሉም እኩል ይደርሳል። ነገሩ ከማገዶ ቁጠባ ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ፤ የደቀቀ ነገር ቶሎ ስለሚበስል ትንሽ እንጨት ይበቃዋል። የእኛ ዶሮ ወጥ ጊዜውን የሚበላው እሳት ላይ ነው፤ የእነሱ ደግሞ መክተፊያው ላይ። ከተፋው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። እናቴን «አሥር ደቂቃ» ስላት ይህን አልነገርኳትም።

አንድ ቀን እዚያ መክተፊያ ላይ ቆሜ ደረቱን ስቆራርጥ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እጄ ላይ ያለው ፈረሰኛው ነው። ከታፋው ጋር ቀላቅዬ አንድ ሳህን ላይ ስጨምረው የትኛው የቱ እንደነበር እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። እዚያው ቆሜ «ይህንን ለእማዬ እሠራላታለሁ» አልኩ።

አሁን ደግሞ ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም።

ማክሰኞ ዕለት ገበያ ወርጄ አንድ አውራ ዶሮ ገዛሁ። የሐበሻ ዶሮ ነው፣ ዕድሜውን በደስታ የኖረ። ቤት ይዤው ስገባ እማዬ አየችኝና «ማን ያርድልሃል?» አለች። «እኔ» አልኩ። ምንም አላለችም። ጓዳ ገብታ የአባባን ቢላዋ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ተስሎ ነበር። ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ቢላዋ ማን እንደሳለው አልጠየቅኋትም። ከጓሮ፣ ከሙዙ ሥር ወስጄ በስመ አብ ብዬ አረድኩት። እጄ ተንቀጥቅጧል። ግን አረድኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አበላሸሁ። ሥጋውን እንደ ጥብስ ወፍራም ወፍራም ቆረጥኩት። የከሰል ምድጃ ላይ መጥበሻ ጣድኩና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘረገፍኩት። እሳቱ አቃተው። ሥጋው መጥበሱን ትቶ ውሃ አወጣ፤ በራሱ ውሃ ተቀቀለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ከውሃው መፍያ በላይ አይሞቅም። መቱ ላይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋ ቡናማ ሆኖ እንዲጠበስ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። አትክልቱ ሟሸሸ፣ ሥጋው ጎማ ሆነ። እህቴ አንዱን ቁራጭ ረጅም ጊዜ አላምጣ «ይሄ ዶሮ ስንተኛ ክፍል ነበር?» አለች። እማዬ ግን ሳህኗን ጨረሰች። «ጥሩ ነው፣ ትንሽ እሳት አንሶታል እንጂ» አለችኝ።

ሐሙስ ደግሜ ገባሁ። ረቡዕ ጾም ነው፣ ዓርብም ጾም ነው፤ ያለኝ ሐሙስ ብቻ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ዶሮ ስገዛ እማዬ አብራኝ ወረደች። ሻጩ ትልልቁን ሲያነሣልን እሷ ደረታቸውን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አንዱን ገና ኩኩሉ ማለት የጀመረ ወጣት አውራ መረጠች። «ላንተ ችኮላ ይሄ ነው የሚሆነው» አለች። አረድኩት። እጄ ከማክሰኞው ይሻል ነበር።

ሥጋውን ከአጥንቱ ለየሁ። አጥንቱን፣ አንገቱንና ሁለቱን ክንፎች ለነገ መረቅ ብዬ ድስት ውስጥ አኖርኩ፤ ነገ ዓርብ መሆኑን እህቴ አስታውሳኝ «ለቅዳሜ» አልን። ሥጋው ግማሽ ኪሎ ያህል ሆነ። የሥጋውን ጭረት አቋርጬ፣ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩት። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ይህ ነገር ግዴታ ነው፤ ጭረቱን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ ስታኝኩ ታመሻላችሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስታርች፣ ትንሽ ዘይት አድርጌበት በእጄ አሸሁና ሃያ ደቂቃ ተውኩት። ስታርቹ ሥጋውን እንደ ስስ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ውሃው እንዳይወጣ ይይዝለታል።

አትክልቱ ቀላል ነው። ሦስት ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ። አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ደቅቆ ለብቻው። ለማጣፈጫው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ አስቀመጥኩ። ምግብ ቤት ውስጥ በስኳር ነበር የምንሠራው። ኢሉባቦር ተቀምጦ ማር እያለ ስኳር የሚጨምር ሰው ግን አላየሁም።

ቀሪው እሳቱ ነበር።

«ከሰሉን ተወው» አለች እማዬ። «እንጨት ነው የሚያዋጣህ።» ከቤቱ በስተኋላ፣ ከጣራው ሥር ዝናብ እንዳይነካው ከደረደረችው ደረቅ እንጨት አመጣች። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከሚጥልበት ከጎሬ ጋር 25 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ከተማ ደረቅ እንጨት ያለው ሰው ሀብታም ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ አነደደችው። ከዚያ መጥበሻዬን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄማ ላንቃው አይችለውም» አለች።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን የቡና መቁያ ምጣድ አየሁት። ብረት ነው፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ከዘመናት ቃጠሎ የጠቆረ። ቻይናዎቹ «ዎክ» ከሚሉት መጥበሻ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በጣቴ አሳየኋት።

«የቡናዬን ምጣድ? ሽንኩርት ሊሸትብኝ?»

«አጥቤ እመልሳለሁ።»

«እሱ እኮ…» አለችና አቆመች።

ያኔ ትዝ አለኝ። ትልቁ ምጣድ ለዘወትር ቡና አይወርድም። ለድግስና ለለቅሶ ነው። መጨረሻ የወረደው አምና ኅዳር፣ ድንኳኑ ተጥሎ፣ ከጎሬም ከሁሩሙም ከበደሌም ሰው ሲመጣ፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ሲቆሉበት ነው። «ተይው፣ በመጥበሻው ይሁን» አልኳት። እሷ ግን ተነሥታ አወረደችው። በጨርቅ ወለወለችውና እሳቱ ላይ ጣደችው። «ተሰቅሎ ምን ይሠራል» አለች።

ምጣዱ ጭስ እስኪያወጣ ጠበቅን። ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ የሥጋው ግማሽ ብቻ። ጮኸ! ያ ድምፅ ከጠፋ ነገሩ ጥብስ ሳይሆን ቅቅል ነው። ለአንድ ደቂቃ ሳልነካው ተውኩት፣ ከዚያ አገላብጬ፣ ነጭ ነጭ ሲል አወጣሁ። ሁለተኛውን ግማሽ እንደዚያው። ቀጥሎ ካሮቱና ፎሶሊያው፣ ጠንካሮቹ ስለሆኑ ይቀድማሉ፤ ሁለት ደቂቃ። ሽንኩርቱ፣ ጎመኑ፣ ቃሪያው ተከተለ፤ አንድ ደቂቃ። እጄ ደከመ። ጭሱ ዓይኔን ሸፈነው። ማማሰያውን እማዬ ተቀበለችኝ።

ልታዩዋት ይገባ ነበር። ምጣዱን በጨርቅ ይዛ ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ አንዷ ካሮት እንኳ ከአንድ ቦታ ሳትቆይ። እኔ በስንት ወር ያልተካንኩትን እጅ ከየት አመጣችው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ምን ትገረማለህ?» አለችኝ። «ቡና መቁላት ነዋ!» እውነቷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ስትሠራው የኖረችው ነገር ነው። ከአጥር ማዶ ጎረቤታችን የምጣዱን ድምፅ ሰምታ «ቡና ደረሰ እንዴ?» ብላ ተጣራች። «የቻይና ቡና ነው!» አለቻት እማዬ።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨመርን፣ ሥጋውን መለስን፣ ማጣፈጫውን ከዳር በኩል አፈሰስን። ወዲያው ወፈረ፣ አብረቀረቀ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት። ከሁመራና ከመተማ የሚወጣው ሰሊጥ ብዙው ወደ ቻይና ሲጫን ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ከውጭ የመጣች ጠርሙስ በውድ ገዝቼ መቱ ድረስ ተሸክሜ መጣሁ። ከእሳት እስክናወርድ ስምንት ደቂቃ ነው የፈጀው። እህቴ በስልኳ ይዛብኝ ነበር።

ጎረቤታችን ልታይ መጣች። ሳህኑን አሽታ «ይሄ ያገራችን አይደለም» አለች። ልከራከራት አልፈለግሁም። ግን ዶሮ ራሱ የእስያ ነው። የዱር ዘመዶቹ እስከ ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ይኖራሉ፤ በትግራይ መዝበር በሚባል ጥንታዊ መንደር የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ዝንጅብሉም ከዚያው ከእስያ ነው። የበርበሬው ዘር ደግሞ መነሻው አሜሪካ ነው። እዚሁ አጠገባችን ጎሬ በጋምቤላ ወደብ ቡና ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ጨው ሲመጣ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴ ሱቅ ከፍቶ ይነግድባት ነበር። ሶያ ሶስ የሚሠራበት አኩሪ አተርም በጨዋቃ በኩል ይዘራል። ያገራችን የምንለው ብዙው ነገር አንድ ቀን አንድ ሰው በሻንጣ ተሸክሞት የመጣ ነው። ምናልባት እሱም ሁለት ሸሚዝ ተበላሽቶበት ይሆናል።

ሩዝ ቀቅዬ ነበር። እማዬ ግን በእንጀራ ነው የምበላው አለች። አንድ ትሪ ላይ አቀረብን። አየሁ፣ እማዬ እጇን ዘርግታ ቆመች። ዓይኗ ከዳር ዳር ይሄዳል። የማን የቱ እንደሆነ እየፈለገች ነው። ምንም የለም። ቀጭን ቀጭን፣ እኩል እኩል የሆነ ሥጋ፣ ካሮትና ጎመን ውስጥ ተበታትኗል። ከፊቷ ቆረሰች። ጎረሰች። ሁለተኛ ጎረሰች። እህቴ እየተሻማች ትበላለች። ከፋሲካ ወዲህ ሦስታችን ዶሮ ስንበላ የመጀመሪያችን ነበር፤ መሐል ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

እኔ በልቤ ኩራት ገብቶኛል። የመጣሁበት ተሳክቷል። የአባባን ቦታ ማንም እንዳያይ አድርጌ ከትፌዋለሁ።

«ፈረሰኛውን ምን አደረግከው?» አለችኝ እማዬ።

ጉሮሮዬ ላይ ተያዘብኝ። «እዚያው ውስጥ ነው። ከሌላው ጋር ከትፌዋለሁ።»

ዝም አለች። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አንሥታ በመብራቱ አየችው።

«አባትህ እኮ አይወደውም ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ፈረሰኛውን። ‹ደረቅ ነው፣ ጉሮሮዬን ይይዘኛል› ይላል። ለእኔ ብቻ ነው የሚነግረኝ።»

እህቴ መብላቷን አቆመች። «ታዲያ ለምን ይበላ ነበር?»

«ምን ያድርግ? ፊቱ አስቀምጥለታለሁ። የአባወራ ነው። አልበላም ቢል እኔን አዋረደኝ ማለት አይደለም?»

«አንቺስ እያወቅሽ ለምን ታወጪለታለሽ?»

«ለሌላ ባወጣውስ ሰው ምን ይለኛል?» አለች፤ ይህን ስትል እሷም ነገሩ የገረማት ትመስላለች። «እናቱ ለአባቱ እንደዚያ ስታወጣ አይቻለሁ። እኔም አወጣሁ። እሱም በላ። ሃያ ስምንት ዓመት።»

«ምን ነበር ታዲያ የሚወደው?»

«ክንፍ!» አለችና ሳቋ አመለጣት። «ሰው ሲተኛ ባትሪ ይዞ ማድ ቤት ይገባል። አንድ ሌሊት ድስቱ ላይ አቀርቅሮ ሲግጥ ያዝኩት። ‹ድመቷ ነች› አለኝ። አፉ እንደሞላ!»

ያቺ ምስኪን ድመት! ልጅነታችንን ሙሉ ስንረግማት የኖርነው። እህቴ በሳቅ ከመደቡ ወደቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ መሐል ላይ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝና ፊቴን ወደ እሳቱ አዞርኩ። እማዬ አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ፋሲካ ላይ ፊቴ የተቀመጠውን ነገር አስቤው ነበር። እኔ አባቴን ያየሁበት ሥጋ ነው ብዬ ሸሸሁት። እሱ ደግሞ ከአባቱ ተቀብሎ፣ ሳይወደው፣ ሚስቱን ላለማሳፈር ሲውጠው የኖረ ነገር ነው። ስድስት ወር ሙሉ፣ 600 ኪሎ ሜትር አቋርጬ፣ ሶያ ሶስ ተሸክሜ የሸሸሁት አባባ ራሱ ሊሸሸው የሚፈልገውን ነገር ነበር። ስለ ቢሮው የዋሸሁትም ትዝ አለኝ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ «ቢሮ ነኝ» እላለሁ፤ እሱ ክንፍ እየጋጠ «ድመቷ ነች» ይላል። አባትና ልጅ!

እማዬ ተነሣች። ለመረቅ ካስቀመጥኩት ድስት ሁለቱን ክንፎች አወጣች። ምጣዱ ገና ትኩስ ነው። እሳቱን ቆስቁሳ፣ ጨውና አንድ ቆንጥር በርበሬ ነስንሳባቸው ጣለቻቸው። ጊዜ ወሰዱ። የሐበሻ ዶሮ ክንፍ በስምንት ደቂቃ አይበስልም፤ ማንም አልቸኮለም። እስኪደርሱ ድረስ ስለ እሱ አወራን። ስለ ሕመሙና ስለ ቀብሩ አልነበረም፤ ስለ ባትሪው፣ ስለ ሌሊቱ፣ ጎማ ፈንድቶበት ሦስት ቀን ያዩ ጫካ ስላደረው፣ ስለ ውሸቱ። ክንፉ ሁለት ነው፣ እኛ ሦስት ነን። በእጃችን እየቀደድን ተካፈልነው። ወደ ውጪ አሮ ነበር፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ጠንካራ። አጥንቱን እስክንጨርስ ጋጥነው።

ምጣዱን በአመድና በሙቅ ውሃ እኔ አጠብኩት። በማግስቱ ቡና ተቆላበት። ጎረቤታችን የመጀመሪያውን ስኒ ቀምሳ «ዝንጅብል ጨምራችሁበታል?» አለች። ሦስታችንም አልጨመርንም አልን።

ትናንት ከአዲስ አበባ ደውዬ ስለ መጪው ገና አወራን። ዶሮ ወጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ፤ ከነሽንኩርቱ፣ ከነአሥራ ሁለት ብልቱ። አራጁ እኔ ነኝ፣ ቢላዋውን እንድትስልልኝ ነገርኳት። «ለእኔ ግን ክንፉን ነው የምታወጪልኝ» አልኳት።

«ፈረሰኛውንስ?»

«አንቺ ብይው። ከደረቀብሽ ለድመቷ ስጫት፤ ዕዳ አለብን።»